ኮፈኑ ደረት የሚሆንበት ዘመን

ታካራ የተባለው የጃፓን መጫወቻ ሠሪ ኩባንያ በ2003 አንድ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ለገበያ አወጣ። (ዓመቱን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) መኪናው ከእውነተኛው ሃያ አራት ጊዜ ያነሰ ነው። ኮፈኑ ይከፈታል፤ ከሥሩ ሞተር አለ። በሮቹ ይከፈታሉ፤ ውስጥ መሪ፣ ክሩስኮት፣ ወንበር አለ። ቸርኬው ላይ የገባው የእውነት ጎማ ነው፤ የጃፓኑ ሥሪት ላይ ደግሞ ከውጭ የሚታየው አካል ብዙው ብረት ነበር። ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጠው ሞዴል መኪና የሚሰበስብ ሰው ዋጋውን ይጠይቅሃል እንጂ ሌላ መልክ አለው ብሎ አይጠረጥርም። ጣራው የት እንደሚታጠፍ፣ ወለሉ የት እንደሚከፈል ካወቅህ ግን ኮፈኑ ደረት ይሆናል፤ በሮቹ ከትከሻ ጀርባ ክንፍ ሆነው ይቆማሉ፤ ሞተሩ ከቦታው ይወጣና ሽጉጥ ሆኖ እጁ ውስጥ ይገባል። ስሙ ስሞክስክሪን ነው፤ ትራንስፎርመርስ ከሚባሉት መጫወቻዎች አንዱ። ጃፓን ውስጥ መስመሩ ቢናልቴክ ተባለ፤ አሜሪካ ውስጥ ሃዝብሮ የተባለው ኩባንያ ብረቱን በፕላስቲክ ተክቶ ኦልተርኔተርስ ብሎ ሸጠው።

እኔ ያኔ ዋሽንግተን መሐል ከተማ፣ ምድር ቤት ውስጥ ያለ ፓርኪንግ ነበር የምሠራው። በዚያ ዘመን ፓርኪንግ ያልሠራ የዲሲ ሐበሻ ካለ ወይ ታክሲ ይነዳል፣ ወይ አዲስ ገብቶ ወረቀቱን እየጠበቀ ነው። ሥራው ሌላ ምንም ባያስተምር መኪና ያስተምራል። የትኛው ፍሪሲዮን ከባድ እንደሆነ፣ የትኛው መኪና ስፖኪዮው ካልታጠፈ በአምዶቹ መሐል እንደማያልፍ፣ የትኛው ዝቅ ያለ የስፖርት መኪና መውረጃው ላይ ፓራውልቱን እንደሚፍቅ በእጅህ ታውቀዋለህ። ኦልተርኔተርስ ተከታትለው ሲወጡ ታዲያ ሁሉም የማውቃቸው ሰዎች ሆኑብኝ፤ ዶጅ ቫይፐር፣ ጂፕ ራንግለር፣ ማዝዳ አርኤክስ-8፣ ፎርድ ሙስታንግ፣ ሆንዳ ኤስ2000፣ ሳጥን የሚመስለው ሳየን ኤክስቢ። የሮቦቶቹ አለቃ ኦፕቲመስ ፕራይም ሳይቀር ዶጅ ራም ሆኖ መጣ። እውነተኛው ራም ወደ እኛ ምድር ቤት ሲወርድ ከፍታ ለመለካት የተንጠለጠለውን ብረት ይነካው አይነካው እያልን ትንፋሻችንን ይዘን ነበር የምናስገባው፤ ባለቤቱ ደግሞ ጉርሻ የሚሰጥ ሰው ስላልነበረ ቢነካም ብዙ አናዝንም።

መኪኖቹ የፋብሪካዎቹን ፈቃድ ይዘው ነው የተሠሩት። ይህ ተራ የንግድ ጉዳይ ይመስላል፤ ነገሩን ሁሉ ያከበደው ግን እሱ ነው። ነዳፊው የራሱን ምናባዊ መኪና ቢሠራ ኖሮ ሮቦቱ ሲቸግረው መኪናውን ትንሽ ያወፍረዋል፣ ጣራውን ከፍ ያደርጋል፣ ኮፈኑን ያረዝማል። ሱባሩ ወይም ማዝዳ ሲሆን አይቻልም። መስመሩ፣ መብራቱ፣ የበሩ ስንጥቅ ሁሉ ባለበት መቆየት አለበት። ወንበሩና ክሩስኮቱም ቦታ ስለሚይዙ ሮቦቱ ክንዱንና ጭንቅላቱን የሚደብቅበት ባዶ ሆድ አይተርፈውም። ስለዚህ ክንዱ ሦስት ጊዜ ይታጠፋል፤ ወገቡ ይዞራል፤ ጣራው ተሰብስቦ ጀርባ ላይ ይተኛል። ከባድነቱ ሆን ተብሎ የተጨመረ ቅመም አልነበረም። መኪናው እውነተኛ ይሁን ከተባለ ሌላ መንገድ ስለሌለ ነው።

ዋጋቸው ሃያ ዶላር ገደማ ነበር። ከሥራ ስወጣ ቨርጂኒያ በኩል የነበረው ቶይስ አር አስ የሚባል መጫወቻ መደብር ጎራ እል ነበር፤ የገበያ አዳራሹ ውስጥ ኬይ-ቢ ቶይስም ነበረ፤ እሱ ጠባብና የተዝረከረከ ቢሆንም ያልተሸጠውን ዕቃ ዋጋ ይሰብር ነበር። መብራቱ ነጭ፣ መደርደሪያው እስከ ጣራ፣ ሰዓቱ ሊዘጋ የተቃረበ። ገንዘብ ተቀባይዋ «ልጅህ ስንት ዓመቱ ነው?» ስትለኝ «ስምንት» እል ነበር። ልጅ አልነበረኝም። የክፍል ተጋሪዬ አንድ ቀን ሣጥኖቹን ቆጠረና «ይኼን ለእናትህ ብትልክ ቤት ትሠራ ነበር» አለኝ። አትሠራም፤ ግን ማጋነኑ ገብቶኛል።

ካርቶኑ ውስጥ የሚገኘው መመሪያ ብዙ ጊዜ የታጠፈ አንድ ትልቅ ወረቀት ነው። ጽሑፍ የለበትም ማለት ይቻላል፤ ስዕል፣ ቁጥርና ቀስት ብቻ። ቀስቱ ወደ ላይ ይላል፤ ስንት ድረስ ወደ ላይ እንደሆነ አይልም። ሰባተኛውና ስምንተኛው ስዕል መሐል አንድ ነገር ሆኗል፤ ምን እንደሆነ ግን አልተሳለም። ዛሬ አንድ ሰው ቪዲዮ ከፍቶ እያቆመ ይከተላል፤ ያኔ ያለህ ያ ወረቀትና የራስህ ጣት ነው። ጉልበት የሚጠይቀውን ማጠፊያ ጉልበት ከማይጠይቀው መለየት ያስፈልጋል። አንዱ ጥርስ ያለው ስለሆነ ቀጭ ቀጭ እያለ እንዲዞር ነው የተሠራው፤ ሌላው ግን ሲንቀጫቀጭ ከሰማኸው ሊሰበር ነው። ይህንን ልዩነት ወረቀት ሊስለው አይችልም።

ሰው ሁሉ ከመኪና ወደ ሮቦት መቀየሩ ከባዱ ይመስለዋል። ቀላሉ እሱ ነው። ሮቦት ትንሽ ቢጎድለው ማንም አያይበትም፤ ትከሻው ቢዛባ «አቋሙ ነው» ትላለህ። መኪና ምሕረት የለውም። ሲመለስ ኮፈኑ፣ ሁለቱ በሮች፣ ጣራውና የኋላው መከለያ በአንድ ጊዜ፣ በፀጉር ልዩነት፣ እርስ በእርስ መገጣጠም አለባቸው። ግራውን በር ስትጫነው ቀኙ ይወጣል። ቀኙን ስታስገባ ጣራው ከኋላ ይነሳል። ከውስጥ አንድ ክንድ በትክክል ካልተጣጠፈ ከላይ ያለው ቆርቆሮ ሁሉ እሱን ይመሰክርበታል፤ ስህተቱ ያለበት ቦታና የሚታይበት ቦታ ግን አይገናኙም። የኋላው መብራት ጋር ስንጥቅ ታያለህ፤ ጥፋቱ የደረቱ ነው። ትፈታለህ፤ እንደገና ከወገቡ ትጀምራለህ። ከዚያ አንዴ፣ ሁሉም በተርታ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይልና እጅህ ውስጥ አንድ ሙሉ ሱባሩ ይቀራል፤ ጠረጴዛው ላይ ብትገፋው ይሄዳል። ያንን የመጨረሻ ቀጭ ለሰው ማስረዳት አልችልበትም። ቀኑን ሙሉ ሰው በሚያዝህ፣ ቁልፍ በሚወረውርልህ ሥራ ላይ ውለህ ከመጣህ በኋላ ግን በጣም ትልቅ ነገር ነው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ የመረመርኩት በኋላ ነው። ታካራ በ1980 ዳያክሎን የሚባል መስመር ጀመረ፤ በጊዜ ሂደት ወደ ሮቦት የሚቀየሩ እውነተኛ መኪኖችን ጨመረበት። አውራ ጣት የማያክሉ፣ እግራቸው ላይ ማግኔት ያለባቸው ሹፌሮች ነበሩት። በ1983 ደግሞ ማይክሮ ቼንጅ የሚባል ሌላ መስመር መጣ፤ ሽጉጥ፣ የካሴት ማጫወቻ፣ ትናንሽ መኪና። ሃዝብሮ ሁለቱንም አንድ ላይ ወስዶ በ1984 ትራንስፎርመርስ አላቸው፤ ሹፌሮቹን ግን ተዋቸው፤ አሁን መኪናው ራሱ ሕያው ነዋ! የሹፌሩ ወንበር ግን ሻጋታው ውስጥ ስለነበረ ቀረ። የዚያን ዘመን መኪኖች ጣራ ገልጠህ ብታይ ማንም የማይቀመጥበት ወንበር ታገኛለህ። ስሞቹንና ጠባዮቹን የሰጡት የማርቭል ኮሚክስ ሰዎች ናቸው፤ ኦፕቲመስ ፕራይምን ዴኒስ ኦኒል፣ ሜጋትሮንንና አብዛኞቹን ሌሎች ቦብ ቡዲያንስኪ። አንድ የጃፓን ከባድ መኪና አሜሪካ ገብቶ ኦፕቲመስ የሚባል አባት የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ሃዝብሮንና ታካራን ያገናኘው ሄንሪ ኦረንስቲን የሚባል መጫወቻ ፈጣሪ ነበር። ፖላንድ ተወልዶ ከናዚ ማጎሪያ ካምፖች ተርፎ፣ ወላጆቹን ናዚዎቹ ገድለውበት፣ በ1947 አሜሪካ የገባ ሰው። እነዚህን መጫወቻዎች ሲያያቸው ሌላው ሰው ያላየውን አየባቸው፤ ተነጣጥሎ እንደገና የሚገጣጠም ሳይሆን፣ ምንም ሳይወልቅ ሌላ የሚሆን ነገር። ኋላም የፖከር ተጫዋቾችን የተደበቀ ካርታ ለቴሌቪዥን ተመልካች የሚያሳየውን ካሜራ የፈለሰፈው እሱ ነው። በ2021፣ በ98 ዓመቱ አረፈ። ስለ ስደተኛ ስኬት የሚጻፉ ታሪኮች ብዙም አይማርኩኝም፤ የዚህን ሰውዬ ግን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

ከነዳፊዎቹ ልቤ የሚያደላው ለሾጂ ካዋሞሪ ነው። በ1982 «ማክሮስ» የተባለው የጃፓን ካርቱን ሲወጣ ገና 22 ዓመቱ ነበር፤ ለዚያ ካርቱን የነደፈው ቫልኪሪ ኤፍ-14 ተዋጊ አውሮፕላንን ይመስላል፣ ወደ ሮቦት ይቀየራል፣ መሐል ላይም እግርና እጅ ያበቀለ አውሮፕላን ሆኖ ይቆማል። ወረቀት ላይ ብቻ የሚሠራ ቀልድ አልነበረም፤ ታካቶኩ የተባለ ኩባንያ መጫወቻውን ሠራው፤ በእጅም ተቀየረ። ካዋሞሪ ሐሳቡን የሚሞክረው በሌጎ ጡቦች ነው፤ ማጠፊያው የት ይሁን፣ ምን ከምን ሥር ይግባ የሚለውን በጡብ ሠርቶ፣ አፍርሶ፣ ደግሞ ሠርቶ ያየዋል። ታካቶኩ በ1984 ከሰረ። መጫወቻው ግን በባንዳይ በኩል ዞሮ ሃዝብሮ እጅ ገባና ጄትፋየር ተባለ። ኦፕቲመስ ፕራይም የሆነውን የዳያክሎን ከባድ መኪና ከነደፉት አንዱም ካዋሞሪ ነው፤ አንድ ወጣት የዘመኑን ሁለት ትልልቅ መጫወቻዎች በእጁ ያሳለፈ መሆኑ ያስደንቀኛል።

እኛ አዲስ አበባ በ1984 የነበረን የሽቦ መኪና ነው። ጎማው ቆርኪ፣ አካሉ የዘይት ቆርቆሮ፣ መሪው ከጣራው ወጥቶ እስከ ደረትህ የሚደርስ ረጅም ሽቦ። መሪውን ስታዞር የፊት ጎማው ይዞራል፤ ያንን ያልሠራ መኪና መኪና አይባልም ነበር። አባቱ አየር መንገድ የሚሠራ አንድ የሰፈራችን ልጅ ወደ ሮቦት የሚቀየር አውሮፕላን መጥቶለት፣ እኛ ተሰልፈን እናያለን፣ እሱ ብቻ ይቀይራል። ማን የሠራው እንደነበር እንኳ አላውቅም። ልጁ ጀርባውን ሰጥቶን ስለሚቀይረው እንዴት እንደሚሆን ለማየት አልቻልንም፤ ብልህ ልጅ ነበር።

ፓርኪንጉ ላይ ዳሱ ውስጥ ተቀምጠው ገንዘብ የሚቀበሉ ጋሼ የምንላቸው ሰው ነበሩ። ደብረ ዘይት አየር ኃይል ውስጥ ቴክኒሻን ሆነው ሠርተዋል፤ ኤፍ-5 ነክተዋል፣ ሚግ ነክተዋል፤ በ1991 ሠራዊቱ ሲበተን እሳቸውም ተበተኑ። ከብዙ ዓመት በኋላ ዲሲ ውስጥ ለጠፋ የፓርኪንግ ካርድ የሙሉ ቀን ሒሳብ ያስከፍሉ ነበር። በእኔ መጫወቻ ያፌዛሉ፤ «አንተ ልጅ፣ ሰው በሀገሩ ሚስት ይሰበስባል፣ አንተ ቆርቆሮ» ይሉኛል።

በ2007 ማስተርፒስ ከሚባለው መስመር ስታርስክሪን የተባለው አውሮፕላን አሜሪካ ገባ፤ ዋልማርት ብቻ ነበር የሚሸጠው። መጀመሪያ በጃፓን የወጣው የካዋሞሪ ሥራ ነው። የጃፓኑ ቀለም አረንጓዴ ያዘለ ግራጫ ነበር፤ የአሜሪካው ወደ ትራንስፎርመርስ ካርቱን ቀለም ተመልሷል። አውሮፕላኑ ኤፍ-15 ነው፤ ኤፍ-15 የሚመስል ሳይሆን ኤፍ-15። ካዋሞሪ አውሮፕላኑ እንዳይበላሽ ስለፈለገ ሮቦቱ ዳሌው ላይ የአውሮፕላን ጓዝ ተሸክሞ ቀረ፤ ብዙ ሰብሳቢዎችም በዚህ ተናደዱ። እኔ አልተናደድኩም። ሁለቱ መልኮች ሲጣሉ አንዱ መሸነፍ አለበት፤ እዚህ የተሸነፈው ሮቦቱ ነው፤ ኦልተርኔተርስ ላይም አብዛኛውን ጊዜ እንዲያው ነበር።

ዳሱ ውስጥ ከቦርሳዬ ሳወጣው ጋሼ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። መመሪያውን ልሰጣቸው ስል በእጃቸው መለሱኝ።

«ቆይ። መጀመሪያ የጎማ ማውጫውን እንየው።»

የማረፊያ ጎማዎቹን አንድ በአንድ አወጡ፤ መለሱ። ጥፍራቸውን በክንፉ ሥር ሰደዱ። ከዚያ ሆዱን ገለበጡና በጣም ለረጅም ጊዜ ምንም አላደረጉም። ሁለት መኪና ወጣ፤ ሒሳቡን እኔ ተቀበልኩ።

«ይኼ ሞተር ሁለት ቦታ ነው የተያዘው» አሉኝ። «አንዱ ማጠፊያ ነው፤ አንዱ መቆለፊያ ነው። መቆለፊያው ካልተነሳ ብትጎትተው ትሰብረዋለህ። የሠራው ሰው መቆለፊያውን የት ይደብቃል? እጅ የማይሄድበት ቦታ።»

«ጋሼ፣ ወረቀቱ ላይ እኮ አለ፤ ልስጥዎት?»

«አልፈልግም። ወረቀት ያየ ሰው የወረቀቱን ነው የሚያውቀው።»

ከሥራ ሰዓታችን መጨረሻ በፊት ሞተሮቹ እግር ሆነው፣ የአብራሪው ክፍል ደረት ላይ ተሸብልሎ፣ ስታርስክሪን የካርድ ማሽኑ አጠገብ ቆመ። ጋሼ በሮቦቱ ብዙም አልተገረሙም። የወደዱት አውሮፕላኑን ነው፤ መልሰው አውሮፕላን አደረጉትና ከጅራቱ በኩል አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀጥ ማለቱን አዩ። «ይኼን የነደፈው ሰው አውሮፕላን ያውቃል» አሉ። ከሳቸው አፍ ይህን የሰማ ብዙ ሰው የለም።

በዚያው ዓመት የማይክል ቤይ የትራንስፎርመርስ ፊልም ወጣ፤ ኦልተርኔተርስም በዚያው አከተመ። ፊልሙ ራሱ ጫጫታ ነው፤ አልከራከርም። ለመጫወቻ ነዳፊዎች ግን የማይሆን ፈተና ሰጣቸው። ኮምፒዩተር ላይ የተሳሉት ሮቦቶች በሺህ በሚቆጠሩ ቁርጥራጮች ነው የሚፈርሱትና የሚገጥሙት፤ ፕላስቲክ ደግሞ ውፍረት አለው፣ ብሎን ይፈልጋል፣ ልጅ እንዳይጎዳበት የደህንነት ሕግ አለበት። ሕጉ ቀልድ አይደለም፤ ከዚያ በፊት በ2004 የወጣው ትልቁ የሃያኛ ዓመት ኦፕቲመስ ፕራይም አሜሪካ ሲገባ ሁለቱ የጭስ ማውጫዎቹ ከጃፓኑ አጥረው ነው የመጡት። የጃፓኑን ያዘዙ ሰዎች ረጃጅሞቹን ይዘው ይኩራሩብን ነበር።

ከፊልሞቹ መጫወቻ ሁሉ የሚበልጠው በ2009 ለሁለተኛው ፊልም የወጣው ትልቁ ኦፕቲመስ ፕራይም ነው፤ የነደፈው ሾጎ ሃሱኢ ይባላል። አርባ ዶላር አካባቢ ነበር፤ መብራት አለው፣ ድምፅ አለው፤ ተራ መደብር ውስጥ፣ ከኳስና ከቀለም እርሳስ ጎን ተደርድሮ ይሸጥ ነበር። ከባድ መኪናው አፍንጫው ረዝሞ የወጣ፣ ነበልባል የተሳለበት ነው። ሲፈታ ምንም የሚባክን ነገር የለም። መስኮቶቹ ደረት ይሆናሉ፤ ከጎንና ከጎን የነበረው ቆርቆሮ ክንድ ላይ ይጠቀለላል፤ እያንዳንዱ ሰሌዳ የሚሄድበት ሌላ ሥራ አለው። ኦልተርኔተርስ ላይ መኪናው ያሸንፋል፣ ስታርስክሪን ላይ አውሮፕላኑ ያሸነፈ ነው ብያለሁ፤ እዚህ ማንም አልተሸነፈም። ለመጀመሪያ ጊዜ ስቀይረው ቡናዬ ቀዝቅዞ ነበር፤ እንደገና አፍልቼ እሱም ቀዘቀዘ። አባቶች በልደት ቀን ማታ ሶፋ ላይ ከዚህ ነገር ጋር ሲታገሉ ልጁ ተኝቶ እንደሚሆን እገምታለሁ። አንድ ትልቅ ኩባንያ ይህን ያህል አስቸጋሪ ነገር ለሕዝብ ሁሉ በአርባ ዶላር ለመሸጥ መድፈሩ ዛሬ ላይ ቆሜ ሳየው እብደት ይመስለኛል። ያኔ ግን ልማድ መስሎኝ ነበር፤ የሚቀጥለው ዓመት የባሰ ከባድ ያመጣሉ ብዬ ነበር የምጠብቀው።

አላመጡም። ነዳጅ ሲወደድ ፕላስቲክ ይወደዳል፤ ፋብሪካዎቹ የነበሩባት የቻይና የሠራተኛ ደሞዝም ዓመት በዓመት አደገ። አንድ ክንድ ሦስት ጊዜ ይታጠፍ ማለት ተጨማሪ ሻጋታ፣ ተጨማሪ ፒን፣ ተጨማሪ የሚገጥም እጅ ማለት ነው፤ ዋጋው ካልጨመረ ማጠፊያው መቀነስ አለበት። ሃዝብሮም ወደ ልጆቹ ዞረ። በአንድ ጉተታ ሮቦት የሚሆኑ ዋን ስቴፕ የሚባሉ መጡ። የእህቴ ልጅ አምስት ዓመቱ ላይ አንዱን በቀን መቶ ጊዜ ሲቀይር አይቻለሁ፤ ይጥለዋል፣ ይረግጠዋል፣ ያነሳና ደግሞ ይቀይረዋል። የእኔን ሃሱኢ ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ ያለቅስ ነበር፤ ምናልባት እኔም። መጫወቻው የልጅ ነው ካልን ልጁ ትክክል ነው።

ከባዱ ነገር አልጠፋም፤ ቦታ ቀየረ። ማስተርፒሶቹ ቀጠሉ፤ ጃፓን በ2019 ያወጣችው ሦስተኛው ማስተርፒስ ኦፕቲመስ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነበር። ፈቃድ የሌላቸው ትናንሽ የቻይና ኩባንያዎችም በዚያው ዋጋ፣ ከዚያ በባሰ ውስብስብነት ይሠራሉ። አንዳንዶቹን ጓደኛ ቤት ሞክሬያለሁ። ካርቱን ላይ የተሳለውን ሮቦት በትክክል ለመምሰል ሲሉ መኪናውን እንደ ወረቀት በጣጥሰው ጀርባው ውስጥ ያጥፉታል። ስንት ጊዜ ብታጥፍ ነዳፊው ምን ችግር እየፈታ እንደነበር አይገባህም፤ የኢሚግሬሽን ቅጽ እንደ መሙላት ነው፤ ጨርሰህ ትፈርማለህ እንጂ የምትደሰትበት የለም። ገዢዎቹ የእኔ ዕድሜ ሰዎች ናቸው፤ ገዝተው መስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ በሮቦትነቱ ያቆሙታል፤ ዳግመኛ መኪና አይሆንም። ቀይረው የማያውቁትንም አግኝቻለሁ።

ኬይ-ቢ ቶይስ በ2009 ተዘጋ። ቶይስ አር አስ በ2017 ለኪሳራ አመለከተ፤ ጁን 2018 ላይ አሜሪካ ውስጥ የቀሩትን ሱቆቹን ዘጋ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት መደርደሪያው ሳይቀር ዋጋ ተለጥፎበት ይሸጥ ነበር። የሄድኩት ለአንድ ጊዜ ነው፤ የቀረው የሕፃን ወንበርና ቅርጹ የተበላሸ ካርቶን ነው፤ ሰው ግን ሞልቷል። የሠራሁበት ፓርኪንግም ዛሬ ካሜራ የመኪናውን ታርጋ ያነባል፣ ሒሳቡ ከስልክ ይቆረጣል። ዳሱ የለም። ሰው ሲያዝህ መዋል ቀረ ብዬ ላዝን አልችልም፤ ዳሱ ግን ማሞቂያ ነበረው፣ ጨዋታ ነበረው።

ስብስቤ አሁን ምድር ቤቴ ውስጥ ነው። ፕላስቲክ እንደ ሰው ነው የሚያረጀው፤ ሁሉም በአንድ ፍጥነት አይደለም። የብረት ብልጭታ ያለበት ወርቃማ ፕላስቲክ የሚባል ጉድ አለ፤ በአንዳንድ ዓመታት የተሠራው ሳይነኩት ውስጥ ውስጡን ይደርቅና አንድ ቀን ማጠፊያው ላይ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል፤ ሰብሳቢዎች የሚፈሩት ከእሳት ቀጥሎ ይህን ነው። ነጩ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ማጠፊያዎቹ ይላላሉ፤ ይህ ግን መድኃኒት አለው፤ ብሎኑን ማጥበቅ፣ የኳስ መገጣጠሚያውን በስስ ሙጫ ማወፈር፣ አድርቆ መመለስ። የተወሰኑትን ሸጥኩ፤ ሱባሩንና ራሙን አልሸጥኩም። የእህቴ ልጅ ዛሬ ትልቅ ሆኗል፤ ባለፈው መጥቶ ማዝዳውን ወሰደው፤ በሁለተኛው ቀን ፎቶ ላከልኝ፤ በሮቹ አልተገጣጠሙም፣ ጣራው ከኋላ ተነስቷል። «ከወገቡ ጀምር» ብዬ መለስኩለት።

ጋሼ ጡረታ ወጥተው ወደ ቢሾፍቱ ተመለሱ። ሲሄዱ ስታርስክሪንን ሰጠኋቸው፤ አልፈልግም ብለው ሁለት ጊዜ ከመለሱ በኋላ በካልሲ ጠቅልለው ሻንጣቸው ውስጥ ከተቱት። አንዳንዴ ይደውላሉ፤ ስለ ኑሮው ውድነት፣ ስለ ሐይቁ፣ ስለ ጡረታቸው ከተጫወትን በኋላ ወደ ዋናው ነገር ይመጣሉ።

«የግራ ክንፉ ላልቷል፤ ብሎኑ ስንት ቁጥር ነው?»

«ትንሹ ባለ መስቀል ካቻቢቴ ነው ጋሼ፣ ዜሮ ቁጥር። የሰዓት ሠሪ ጋ አያጡትም።»

«ሰዓት ሠሪውማ ጎረቤቴ ነው፤ ያበደረኝ ግን ጫፉ ያለቀ ነው። ደህናውን ፈልግና በሚመጣ ሰው ላክልኝ። ደግሞ ወረቀቱን እንዳትልክ።»